የምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍሎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ልጽፍ ስነሳ እንባ እየቀደመኝ ስንት ቀን ተውኩት።

የዘጠኝ ዓመት ልጄን ሰፈር ሲጫወት ዱላ ዓይኑን መታው። ትንሽ ቀላ፣ ዳነ፣ ረሳነው። ከሳምንታት በኋላ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰስ ጀመረ። «እማዬ፣ በዚህ በኩል ጥቁር መጋረጃ አለ» አለኝ።

አንዱ ክሊኒክ ጠብታ ሰጥቶ ሸኘን። ሌላው መነጽር አዘዘ፤ ዋጋው እስካሁን ያንገበግበኛል። ሦስተኛው ጋ ያለው ሰውዬ በቅጡ ሳያየው «ትምህርት ጠልቶ ነው» አለኝ። ልጁ ፊት! «እማዬ፣ አልዋሸሁም» እያለ ሲያለቅስ አደረ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

በመጨረሻ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነው፣ አልዋሽም። ዶክተሯ ግን ጠብታ አድርጋ ውስጡን እንዳየች ገባት። ሬቲናው፣ ከዓይኑ ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ከቦታው ተነስቷል አለች። መደንገጤን አይታ «እንጀራ ሲበስል ጠርዙ ከምጣዱ ብድግ ይል የለ? እንደዛ ነው። እኛ መልሰን እናስተኛዋለን» አለችኝ። ኦፕራሲዮኑን አትጠይቁኝ። ከውጭ ቀበቶ ቢጤ ዞረለት፣ ውስጡ ዘይት ገባ አሉ። እኔ በር ላይ ስለት እየተሳልኩ ነበር።

ከባዱ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ዘይቱ ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ቀንም ሌትም በግንባሩ መደፋት አለበት ተባለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ይቻለዋል? በሁለተኛው ሌሊት «በቃኝ!» ብሎ ሊነሳ ሲታገል ተረኛዋ ሲስተር መጣች። አልተቆጣችም። ነጠላዬን ወለሉ ላይ አንጥፋ ከአልጋው ሥር ቁጭ አለች፣ ወደ ላይ ፊቱን እያየች።
«እንቆቅልህ?»
ዝም አለ። ደገመችለት።
«ምን አውቅልሽ» አለ፣ እየተነፋረቀ።
ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን ሰጣት፣ ጎጃምን ሰጣት፣ ሐረርን ሰጣት። ሌላ በሽተኛ ሲጠራት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ተደፍቶ እንደሳቀ እንቅልፍ ወሰደው። እህቴ፣ ያቺን ሌሊት እስክሞት አልረሳትም።

ዓይኑ እንደ ድሮው ሆነ አልልም። ግን ያ መጋረጃ የለም፤ ጣቶቼን ይቆጥራል።

እባካችሁ፣ ልጃችሁ ዓይኑን ከተመታ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው አስቆጥሩት። ጨለማ ወይ መጋረጃ ካለ አንድ ቀን አታሳድሩ። የሬቲና ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ምኒልክ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ወረፋው አያስመርራችሁ!

ዘይቱ ገና ይወጣል፣ በቅርቡ እንመለሳለን። ልጄ ጎንደርን አስመልሳለሁ ብሎ ዝቷል። ከባድ እንቆቅልሽ የምታውቁ ላኩልን።