የመተንፈሻ ፓኔል ምርመራ ሪቪው፦ «ኮሮና ተገኝቷል» ሲሏችሁ የትኛው ኮሮና ብላችሁ ጠይቁ

ከአምስት ሶስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ምርመራው ራሱ አምስት ይገባዋል፣ ሁለቱን የቀነስኩት ውጤቱን በነገሩን መንገድ ነው፣ እኛ የደነገጥነውን ያህል ሌላ ሰው እንዳይደነግጥ ስለምፈልግ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

እማዬ 74 አመቷ ነው፣ አስም አላት። ስድስት ቀን ሙሉ ሳልና ንፍጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ትኩሳት። ቤት ውስጥ የኮቪድ ፈጣን ኪት ሁለቴ ሞከርን ሁለቴም ኔጌቲቭ ሆነ። ሀኪሟ እድሜዋንና አስሟን አይቶ የመተንፈሻ ፓኔል የሚባለውን አዘዘላት። ለማታውቁት፣ ፒሲአር ነው ግን አንድ ቫይረስ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ ከአፍንጫ ጥግ በስዋብ የተወሰደችው አንድ ናሙና ማሽን ውስጥ ትገባና ኢንፍሉዌንዛውን፣ አርኤስቪውን፣ ራይኖ ቫይረሱን፣ ኮሮናዎቹን ምናምን ባንዴ ያያል።

ናሙና የወሰደችው ልጅ በጣም ጎበዝ ናት። «እማማ ትንሽ ያስለቅሳል፣ አይዞዎት፣ እስከ አምስት ልቁጠርልዎት» ብላ አራት ላይ ጨረሰች። ውጤቱም በዛው ቀን ከሰአት በስልክ ተላከልን። እስከዚህ ድረስ አንድም የምለው የለኝም።

የተላከው ወረቀት ላይ ግን በቀይ «ኮሮና ቫይረስ ኦሲ43፦ ተገኝቷል» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። እማዬ ያነበበችው ኮሮና የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሟን በኮቪድ ነው ያጣችው፣ እና ወዲያው መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፣ የልጅ ልጆቼን አርቁልኝ እያለች ታለቅሳለች። ላብራቶሪው ጋ ደወልኩ፣ ያነሳው ልጅ «ፖዘቲቭ ነው፣ ይለዩዋቸው» ብሎኝ ዘጋው። ደግሜ ስደውል ሌላዋ «ሀኪም ጠይቁ» አለችኝ። ሀኪሟ የተገኘው ማታ ሶስት ሰአት ላይ ነው፣ እስከዛ እማዬ ምግብም አልቀመሰችም።

ሀኪሙ መጀመሪያ ያለኝ «ይሄ ኮቪድ አይደለም» ነው። ከዛ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሰውን የሚይዙ የታወቁ ኮሮና ቫይረሶች ሰባት ናቸው። አራቱ ማለትም 229ኢ፣ ኦሲ43፣ ኤንኤል63 እና ኤችኬዩ1 በየአመቱ እየዞሩ የሚይዙን የጉንፋን ቫይረሶች ናቸው፣ አብዛኞቻችን ገና ልጅ ሳለን ይዘውን ያውቃሉ፣ ከያዙን በኋላም መከላከያው ብዙ ስለማይቆይ ተመልሰው ይመጣሉ። ሶስቱ ናቸው አለምን ያስደነገጡት። ሳርስ በ2002 መጨረሻ ቻይና ተነስቶ ከ8,000 በላይ ሰው ይዞ 774 ገደለና በ2003 ቆመ። መርስ በ2012 ሳኡዲ ውስጥ ታወቀ፣ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በምርመራ ከተረጋገጡት ታማሚዎች ሲሶ ያህሉ ሞተዋል። ሶስተኛው በ2019 መጨረሻ የመጣው የኮቪድ ቫይረስ ነው፣ እሱን መንገር አያስፈልግም።

የኛው ኦሲ43 በ1967 ነው ሪፖርት የተደረገው፣ ኦሲ የሚለው ቫይረሱን ካሳደጉበት ዘዴ የመጣ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ በህይወት በቆየ የመተንፈሻ ቱቦ ቁራጭ ላይ ነበር ያሳደጉት። 229ኢም የዛው ዘመን ነው። ኤንኤል63 በ2004 ሆላንድ ውስጥ ከታመመ የሰባት ወር ህፃን፣ ኤችኬዩ1 ደግሞ በ2005 ከሆንግ ኮንግ ነው ሪፖርት የተደረጉት። ያስገረመኝ ኤንኤል63 ወደ ሴላችን የሚገባው ልክ እንደ ኮቪዱ ኤሲኢ2 በሚባለው በር ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል፣ ኦሲ43 ደግሞ በዘር ሀረግ ሲታይ ከነሳርስና ኮቪድ ጋር ቤታ የሚባለው ወገን ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ በስምም በዝምድናም አይፈረድም፣ የትኛው እንደሆነ ነጥሎ ማወቅ ነው።

በ2003 ክረምት ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ሰዎቹ በሳል ታመሙ፣ ሳርስ ገና መቆሙ ስለነበር አንዳንዶቹ ምርመራዎች ሳርስ የሚመስል ምልክት ሲሰጡ ሁሉም ተረበሸ፣ በመጨረሻ ጂኑ ሲነበብ ኦሲ43 ሆኖ ተገኘ። እዛ ቤት የሞቱ አረጋውያንም ነበሩ፣ ለዛ ነው ሀኪሟም «ጉንፋን ነው ብላችሁ ችላ እንዳትሉ፣ አስም ላለበት ትልቅ ሰው ደረት ውስጥ ሊወርድ ይችላል» ያለኝ። ትንፋሿን እንድንከታተል፣ ማስክ እንድናደርግ፣ ልጆቹም ለጥቂት ቀን እንዳይጠጓት ነገረን። ይሄን ስሰማ በሩን በመዝጋቷ ጭራሽ አልተሳሳተችም፣ የተጎዳችው በፍርሀቱ ነው።

ምርመራው ጠቅሟል ወይ ካላችሁኝ አዎ። ለኦሲ43 ለብቻው የሚሰጥ መድሀኒት የለም፣ ግን ምን እንደያዛት ስለታወቀና ሳምባዋም ንፁህ ስለነበር ሀኪሙ ሊጀምርላት ያሰበውን አንቲባዮቲክ ተወው፣ የአስም መድሀኒቷን ብቻ አስተካከለላት። የቤቱ ኪትም አልዋሸም፣ እሱ የሚያውቀው የኮቪዱን ቫይረስ ብቻ ነው፣ አራቱን የጉንፋን ኮሮናዎች አያይም። አንድ ነገር ግን፣ ፓኔል ሁሉ እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ መርስን ያካትታል አንዳንዱ አያካትትም፣ ከማሰራታችሁ በፊት የትኞቹን እንደሚያይ ጠይቁ። ፒሲአር ደግሞ ህመሙ ካለፈ በኋላም የቀረ የቫይረስ ፍርፋሪ ሊያገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ለብቻው ይዛችሁ ራሳችሁ አትተርጉሙት።

በነጋታው ሄጄ ሀላፊውን አነጋገርኩት። የጠየቅኩት አንድ መስመር ነው፣ ከአራቱ አንዱ ሲገኝ ከስሩ «ይህ የኮቪድ ቫይረስ አይደለም» ተብሎ ይጻፍ፣ ስልክ የሚያነሱትም ልጆች ይቺን ይወቋት። ጥሩ አድርጎ ነው ያዳመጠኝ፣ ለአለቆቹ እንደሚያቀርብ ነግሮኛል። እማዬ በ12ኛው ቀን ሳሉ ለቀቃት። መስመሯ ገብታ ያየ ሰው ካለ እዚሁ ስር ይጻፍልኝ፣ ኮከቡን ያኔውኑ ነው የማስተካክለው።