«ዕድሜ ልኩን አይወይብም» ተብሎ ነጭ ሞዴል ሊሸጥላችሁ ከሆነ

የአውሮፕላንም ሆነ የመኪና ሞዴል የምትሰበስቡ፣ ይቺን ነገር ልብ በሉ። ተሠርቶ ያለቀ ነጭ ሞዴል በቴሌግራም ስትገዙ «ትንሽ ጨምሩና መከላከያ ልቀባላችሁ፣ ዕድሜ ልኩን አይወይብም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ጭማሪውን አትክፈሉ።

ከእንዲህ ዓይነት ሻጭ የገዛሁት አውሮፕላን ዓመት ሳይሞላው ቅቤ መሰለ። ደውዬ ስጠይቀው «ጸሐይ አስመትተኸው ነው» አለኝ። ሞዴሉ የኖረው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ያውም በካርቶኑ ነው። ስጨቀጭቀው የቀባበትን ጣሳ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ለበርና ለመስኮት የሚሆን የዘይት ቫርኒሽ! አሁን «መልሼ ልቀባልህ» ይላል። በምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

እንግዲህ መከላከያ የተባለው ራሱ ነው የወየበው። የዘይት ቫርኒሽ የሚደርቀው ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ከደረቀም በኋላ ይኸው ሂደት ቀስ እያለ ይቀጥልና ቢጫ ያመጣል። ብርሃን ሲያገኝ ቢጫው መለስ ይላል፤ ጨለማ ውስጥ ግን ይብስበታል። ቤቱ በነጭ የዘይት ቀለም የተቀባ በር ያለው ሰው ይህን ሳያየው አልቀረም። ዕቃ የጋረደው ቦታ ከሌላው ይልቅ ቢጫ ነው። ስለዚህ የዘይት ቫርኒሽ የተቀባን ሞዴል «ከጸሐይ ልከልለው» ብሎ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ጭራሽ ያባብሰዋል።

ፕላስቲኩ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚያወይበው በዋናነት የጸሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ውስጡ ጎማነት ስላለው በተለይ ቶሎ ይጠቃል። ሁለቱን ለመለየት ሞዴሉን ገልብጣችሁ እዩት። ብርሃን የሚያገኘው ጎን ብቻ ከወየበ ጥፋቱ የጨረሩ ሊሆን ይችላል። ሆዱም ጀርባውም እኩል ከወየበ የተቀባውን ነገር ጠርጥሩ።

«እንደ አዲስ የነጣ» እየተባለ የሚሸጥ አሮጌ ሞዴልም አለላችሁ። አሮጌ ኮምፒውተር የሚያድሱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ የወየበውን ፕላስቲክ ጸጉር በሚያነጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ጸሐይ ላይ ማስጣት። እውነት ይነጣል። ግን ብዙ ጊዜ ቢጫው ይመለሳል። ዘዴው በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ማጭበርበሩ ሳይናገሩ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ነው። ፎቶው ላይ ምንም አይታወቅም፣ በዚያ ላይ ዛሬ ስልኩ ራሱ ነጩን ያነጣዋል። ከነጭ ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተነስቶ ይላክልኝ በሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት የቫርኒሹን ጣሳ ፎቶ ጠይቁ። «ዘይት»፣ «ሲንተቲክ» ወይም «አልኪድ» የሚል ካለበት ይቅርባችሁ። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ከሆነ ደህና ነው፤ ስስ ስስ እየተደረገ ይቀባ። «ዩቪ (አልትራቫዮሌት) የሚከላከል» የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም በጣም ስስ ሽፋን ዕድሜ ልክ አያስተማምንም።

ሞዴሉ ላይ ሲጋራ አታጭሱበት። በቀጥታ ጸሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ለመከላከያ የተጠየቃችሁትን ብር ለአልትራቫዮሌት መከላከያ ግልጽ ሳጥን መግዣ ብታጠራቅሙት ይሻላል።