የሊቲየም ባትሪና ኢንቨርተር በአንድ ክረምት፦ የ9 ወር ልምዴ

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ ባለ 12.8 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር፣ ባለ 20 አምፔር ቻርጀርና አንድ ባለ 200 ዋት የፀሐይ ፓኔል ገዝቼ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን አስገጠምኩ። እንድገዛ ያስገደደኝ ከብርሃኑ ይልቅ የእናቴ ኢንሱሊን ነበር። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ፣ በክረምት መብራት ሄዶ ባደረ ቁጥር እናቴ ሌሊት እየተነሣች ፍሪጁን ከፍታ ታይ ነበር፤ በከፈተችው ቁጥር ደግሞ የቀረው ቅዝቃዜ ይወጣል።

አገራችን ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከውሃ በመሆኑ፣ ግድቦች በሚሞሉበት ወቅት መብራት መጥፋቱ ግር ያሰኛል። በእኛ ሠፈር ግን የሚቸግረው ማመንጫው ሳይሆን መስመሩ ነው፦ ነፋስ የጣለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ መብረቅ የመታው ትራንስፎርመር፣ ዝናብ መሠረቱን ያላላው የእንጨት ምሰሶ። አንዱ በ20 ደቂቃ ይጠገናል፣ ሌላው እስኪነጋ ይቆያል፤ ስለዚህ የምዘጋጀው ለረጅሙ ሌሊት ነው።

ባትሪው ሲሞላ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ፍሪጃችን ሞተሩ ሲሠራ 120 ዋት ያህል ቢወስድም እየበራ እየጠፋ ስለሚሄድ አማካዩ 60 ዋት ገደማ ነው። ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖሎችና 10 ዋት የሚወስደው የኢንተርኔት ራውተር ሲጨመሩ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውና የሚያባክነው ሲታሰብ፣ ከባትሪው የሚወጣው በሰዓት 120 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ይህም ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠፋ መብራት እስኪነጋ ባይመለስ እንኳ ያደርሰናል ማለት ነው። የእንጀራ ምጣዱ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚጠይቅ ከዚህ ዕቃ ጋር ፈጽሞ አይታሰብም። በክረምት ሊጡ ኩፍ እንዳለ፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ የሦስት ቀኑን ቀድመን እንጋግራለን።

ቅር ያሰኘኝ የፀሐይ ፓኔሉ ነው። ሰማዩ ጥርት በሚልበት ኅዳር በቀን 800 ዋት-ሰዓት ገደማ ሲሰጠኝ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን 250 እንኳ ያልሞላባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ፤ በጣም በምንፈልገው ጊዜ በጣም ይቀንሳል። በክረምት ቤቱን የያዘው ከቆጣሪ የሚሞላው ቻርጀር ነው፤ መብራት በተመለሰ በ5 ሰዓት ውስጥ ባዶውን ባትሪ ይሞላዋል። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃው ሰው ፓኔሉን ለበጋ አቆይቶ ጥሩ ቻርጀር ቢገዛ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት በርካሽ ለማለፍ ብዬ የመኪና ባትሪ ገዝቼ ነበር። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ባዶውን እስኪቀር እንዲያገለግል ስላልሆነ፣ አንድ ክረምት እንኳ ሳይጨርስ ደከመ። ሲሞላም ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አጠገብ ማስቀመጤ ስህተት ነበር። አብሮት የነበረው ኢንቨርተር ደግሞ የሚሰጠው ሞገድ እንደ መስመሩ ኤሌክትሪክ ለስላሳ (ንጹሕ ሳይን) ስላልነበረ የፍሪጁ ሞተር እያጓራ ይግል ነበር። ሻጩ ይህን ልዩነት አላስረዳኝም፤ እናንተ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

የአሁኑም እንከን አለው። የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ሌሊት ስለሚጮህ ከሳሎን ወደ ኮሪደር አዛውሬዋለሁ። የመስመሩ ቮልቴጅ በጣም ሲወርድ ቻርጀሩ መሙላቱን ስለሚያቆም፣ መብራት መጣ ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የባትሪውን ማሳያ ማየት ያስፈልጋል። መብራት በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ፣ ፍሪጁን 10 ደቂቃ ያህል በባትሪው ላይ አቆይቼ ነው ወደ መስመሩ የምመልሰው።

ባለፈው ሳምንት፣ በጥር፣ ባትሪውን ሞልቼ በዚያው ጭነት እስኪያልቅ ለካሁት፤ 10 ሰዓት ከሩብ አገለገለ። በሰኔ የለካሁትም ይኸው ነበር። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር በዚያ ሁሉ ጊዜ ከ6 ዲግሪ አላለፈም፤ እናቴም አሁን ሌሊት አትነሣም።