የአዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ከማቀዝቀዣቸው ጀምሮ ሲመዘኑ

ቦሌም ሆነ ሳር ቤት፣ ሲኤምሲም ሆነ መገናኛ፣ የትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ደረቅ መደርደሪያ ይመሳሰላል። ፓስታው ያው ነው፣ ብስኩቱም ያው ነው፣ ዋጋውም ያን ያህል አይራራቅም። ልዩነታቸው የሚታየው ከበራቸው ውጭ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው፦ መብራት ሲሄድ፣ ምንዛሪ ሲንር፣ ሁዳዴ ሲገባ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ደረቅ ሸቀጥ ከማንኛቸውም ይገዛል። እርጎ፣ አይብ፣ የቀዘቀዘ ዶሮና ዓሣ ግን ማቀዝቀዣው በደንብ ከታየ ቤት ብቻ ነው መገዛት ያለበት። አትክልቱን ለእሁድ ገበያ ይተዉት፤ እዚያ ይረክሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ትኩስ ነው።

መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተር ይነሳል፣ አምፖሉና የካሸሩ ማሽን ወዲያው ይመለሳሉ። ይህ ግን ማቀዝቀዣውም ተመልሷል ማለት አይደለም። የኮምፕረሰር (ቅዝቃዜውን የሚፈጥረው መጭመቂያ) ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሥራ ከጀመረ በኋላ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ አነስተኛ ጄኔሬተር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሸከምም። ናፍጣ በተወደደ ቁጥር ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከጄኔሬተሩ መስመር የማውጣት ፈተና ይበረታል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ እጅዎን አየር በሚወጣበት ወንፊት ላይ ያድርጉ። የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ካልሆነ የሚሠራው ማራገቢያው ብቻ ነው። መብራት እንደተመለሰ ግን ቶሎ አይፍረዱ፤ ቮልቴጁ እስኪረጋ ኮምፕረሰሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያ አለ።

ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ የወተትና የአይብ ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ ያልበለጠ መሆን አለበት። በላዩ የሚታየው ቁጥር የአየሩን ሙቀት እንጂ የዕቃውን አይናገርም። ማሽኑ በረዶውን በሚያቀልጥበት ሰዓትም ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ ካልወረደ ግን ችግር አለ። ክዳን የሌለው ሣጥን ፍሪዘር ሲሆን ከተሰመረው የመሙያ መስመር በላይ የተቆለለውን አያንሱ፤ ቀዝቃዛው አየር እዚያ አይደርስም። በዶሮው ከረጢት ውስጥ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ከተጠራቀመ፣ ወይም ሥሩ ላይ ቀይ ፈሳሽ እንደ ንጣፍ ከረጋ፣ ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። አይስክሬም ከዕቃው ጠርዝ ሸሽቶ ጎድጎድ ካለም እንዲሁ። ለማነጻጸር፣ ሳይከፈት የቆየ ሙሉ የቤት ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ለ48 ሰዓት ገደማ፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ለ24 ሰዓት ይይዛል፤ የፍሪጅ ዕቃ ግን ከ4 ሰዓት በኋላ አይታመንም። ክዳን የሌለው የሱቅ ማቀዝቀዣ ከዚህም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። በር ያለው ማቀዝቀዣ የሚጠቀም ቤት በዚህ ብቻ ከሌላው ይበልጣል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቺፕስ ከረጢቱ ተነፍቶ ሲታይ ተበላሽቷል ተብሎ ይመለሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በዝቅተኛ ቦታ የታሸገ አየር እዚህ ሲደርስ ይሰፋል፤ ቺፕሱ ደህና ነው። እዚሁ ከተማ ወይም ቢሾፍቱ የታሸገ እርጎ ክዳኑ ከተነፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውስጡ ተበላሽቶ ጋዝ ፈጥሯል፣ አይግዙት።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት፣ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ 38 ዓይነት ሸቀጦች ኤልሲ (ለአስመጪ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ተከልክለው ነበር፤ ቸኮሌት፣ የታሸገ ጭማቂና ሽቶ ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ክልከላው ከምንዛሪው ለውጥ ጋር ተነሳ፣ መደርደሪያውም ቀስ በቀስ ሞላ፤ ዋጋው ግን የአዲሱ ምንዛሪ ዋጋ ሆነ። ነጋዴው የድሮውን ክምችት በአዲስ ዋጋ የሚሸጠው ክፋት ስላለው ብቻ አይደለም። በድሮው ዋጋ ከሸጠ በሚያገኘው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ማስገባት አይችልም። የአገር ውስጥ የሚባለውም ከዚህ አያመልጥም፤ የውኃው ጠርሙስ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃና የብስኩቱ ዘይት ከውጭ ነው የሚመጡት፣ አብዛኛው ጭነትም በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው።

እኛ አጥብቀን የምንነቅፈው ዋጋ መጨመሩን ሳይሆን፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ዋጋ ተለጥፎ ካሸሩ ጋ ሌላ ሲመጣ ነው። ይህ የሚሆነው ቢሮው ዋጋውን በኮምፒውተር ሲለውጥ ወረቀቱን የሚለውጥ ሰው ስለማይመደብ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ ተለጥፎ እንዲታይ ያስገድዳል። ከአምስት ዕቃ በላይ ከገዙ የመደርደሪያውን ዋጋ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ደረሰኙንም ከባንኮኒው ሳይርቁ ያንብቡ። የተለጠፈው ዋጋ 15 በመቶ ቫትን ይጨምር አይጨምር አስቀድመው ይጠይቁ። የአስመጪው ስም ያልተለጠፈበት የሕፃናት ወተት ደግሞ በምንም ዋጋ አይወሰድ።

የጾሙን ወቅት አውቆ ዕቃ የሚያዝዝ ቤት ከመጀመሪያው ሳምንት ይለያል። በሁዳዴ 55 ቀናት የወተት ተዋጽኦ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ትዕዛዙን ከቅበላ በፊት ይቀንሳል፣ የአኩሪ አተር ወተትና የለውዝ ቅቤን ያበዛል። ያልተዘጋጀው ቤት የፍስኩ ዕቃ ይከመርበትና የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ዋጋ ይቀንሳል። ለማይጾም ሰው ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ቀኑን ካየ። አዲሱ ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚደረደር እጅዎን ወደ ውስጥ ይስደዱ። ለፋሲካ ሳምንት ደግሞ ቅቤና እንቁላል ከሐሙስ በፊት ይገዙ፤ ቅዳሜ የሚቀረው የተመረጠበት ነው።

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ የራስዎን ዘንቢል ይያዙ። የቀዘቀዘው ዕቃ በወረቀት ከረጢት ከተያዘ ረጥቦ ይቀደዳል፤ በጋዜጣ ደራርበው ቢጠቀልሉት ለ30 ደቂቃ መንገድ ይበቃዋል። በቴሌብር ሲከፍሉ ኔትወርክ ተቋርጦ ገንዘቡ ከተቆረጠ ሁለተኛ አይክፈሉ፤ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት ለካሸሩ ያሳዩና እዚያው ያረጋግጥ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተፈቅዷል። የአገራችን ቤቶች ከዚያ ፉክክር በፊት ሊያደርጉት የሚገባ፣ ብዙ ወጪም የሌለው ነገር አለ፦ በእያንዳንዱ ማቀዝቀዣ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ይንጠልጠል፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ እንዲሁም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ሰዓቱንና ዲግሪውን ጽፎ ይፈርም። ያ ወረቀት ገዢ በሚያነብበት ቦታ የተሰቀለበትን ሱፐርማርኬት ካገኙ፣ የወተትና የዶሮ ደንበኝነትዎን ወደዚያ ያዙሩ።