ለማዕድ የትኛው ይሻላል፦ ዝግ ያለ ሙዚቃ ወይስ ፈጣን?

ምግብ ቤት የከፈተም ሆነ ቤቱ እንግዳ የጠራ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም።

አበላል
ፈጣኑ፦ እጅን ያጣድፋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ሙዚቃው ሲፈጥን ሰዎች በደቂቃ የሚጎርሱት እንደሚበዛ አሳይቷል።
ዝግ ያለው፦ ለማኘክ ጊዜ ይሰጣል።

ጊዜና ወጪ
ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው ሮናልድ ሚሊማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ የተከፈተላቸው የአንድ ምግብ ቤት ደንበኞች በአማካይ 56 ደቂቃ ሲቀመጡ፣ ፈጣን የተከፈተላቸው በ45 ደቂቃ ተነሥተዋል። ለምግብ ያወጡት ገንዘብ ብዙም አልተለያየም፤ ዝግ ያለውን የሰሙት የመጠጥ ሂሳብ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ቀስ ብዬ ስለምበላ ወጪዬ ይቀንሳል የሚል ሰው ብርጭቆውንም ይቁጠር!

ጭንቀት
ዝግ ያለው፦ ብዙውን ጊዜ ትንፋሽን ያረጋጋል። ሆኖም ትዝታ በክራር ሲደረደር አንዱን ሲያሳርፍ ሌላውን ሆድ ያስብሰዋል፤ ሲከፋው ምግብ ላይ የሚበረታ ሰው ቢጠነቀቅ ይሻላል።
ፈጣኑ፦ ያነቃቃል፤ ለተጨነቀ ሰው ግን ተጨማሪ ጥድፊያ ነው።

የሙዚቃው ድምፅ ጉርሻ አቅራቢው «በሞቴ» ሲል እስከማይሰማ ከጮኸ፣ በእኔ ግምት የትኛውም አይረባም።

ለማን የቱ?
ምሳ ሰዓት ሰው ወንበር ለሚጠብቅበት ቤት ፈጣኑ ይስማማል። እራት ላይ መጠጥ ለሚሸጥ፣ ከሥራ ደክሞ ለገባ፣ ወይም በጥድፊያ መብላት ለለመደ ዝግ ያለው ይመረጣል።