በልክ የተሠራ ጠመንጃ ወይስ የፋብሪካ?

የአክስቴ ልጅ ለገና ከዴንቨር ሱሉልታ ሲመጣ ስልኩ በልክ ባሠራው ጠመንጃ ፎቶ ተሞልቶ ነበር። አሥራ አራት ወር ጠብቆ ኅዳር ላይ ነው እጁ የገባው። ጠመንጃው ራሱ ግን አልመጣም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት እዚህ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትም መያዝም ክልክል ነው። እኔም እዚያ በኖርኩባቸው ዓመታት የዒላማ ተኩስ እወድ ነበር። የምተኩሰው ቲካ በሚባል የፋብሪካ ጠመንጃ ነበር፤ ልመለስ ስል ሸጥኩት። አክስቴ ቡና እያፈሉ እኛ ስንከራከር አመሸን። ውጭ ሆናችሁ ለመግዛት ላሰባችሁ ክርክሩን እነሆ።

ከዋጋ እንጀምር። ቲካ ቲ3ኤክስ የፊንላንዱ ሳኮ ምርት ነው። እንደ ዓይነቱ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ገደማ ያስወጣል። በልክ የሚሠራው ደግሞ 4,000 ዶላርን በቀላሉ ያልፋል፤ ያውም ያለ መነጽር (ጠመንጃው ላይ የሚገጠም የሩቅ ማያ)። ለሩቅ ዒላማ ደህና መነጽር ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ብሩን ጠመንጃው ላይ ጨርሶ መነጽር ላይ ይቆጥባል። ከዚያ ዒላማውን በደንብ ሳያየው ይተኩሳል።

የአክስቴ ልጅ «ትክክለኛነቱስ?» አለኝ። እውነት አለው፤ ግን ቁጥሩን እንየው። ቲካ ሦስት ጥይት ከአንድ ደቂቃ ማዕዘን (ከዲግሪ አንድ ስልሳኛ) በላይ እንደማይበታተን ዋስትና ይሰጣል። ይህ በ100 ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1,000 ሜትር ደግሞ 29። ጥሩ ባለሙያ የሠራው ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ይህን በግማሽ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በ1,000 ሜትር ርቀት ልዩነቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሁን ነፋሱን አስቡት። የጎን ነፋሱን በሰከንድ አንድ ሜትር ብቻ ብትሳሳቱ፣ በዚያ ርቀት የ6.5 ክሪድሞር ጥይት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይስታል። ነፋስ ማንበብ ደግሞ ከሠሪ አይገዛም። ጥይት እየገዙ፣ እየሳቱ ነው የሚለመደው።

በልክ የተሠራው በግልጽ የሚያሸንፈው ሰደፉ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ረጅም ነው፤ አንገቱም መለሎ። የፋብሪካው ሰደፍ ያጥረዋል። መነጽሩን ለማየት አንገቱን ሲሰብር ይውላል። አዲሱ ከምላጩ እስከ ትከሻው ተለክቶለት ነው የተሠራው። ለመተኮስ ሲተኛ ዓይኑ በቀጥታ መነጽሩ ላይ ያርፋል። እኔ ቲካዬ ላይ ጉንጬ የሚያርፍበትን ቦታ ስፖንጅ ጠቅልዬ በፕላስተር ነበር ከፍ ያደረግኩት። ሲያዩት ያስጠላል፤ ግን ሠራ። አሁን ከፍና ዝቅ የሚል ጉንጭ ማሳረፊያ ያላቸው የፋብሪካ ጠመንጃዎችም አሉ። ሰውነታችሁ መካከለኛ ከሆነ ይበቃችኋል።

አረካከቡም ይለያያል። የፋብሪካውን ሱቅ ገብታችሁ አገላብጣችሁ ታዩታላችሁ። በልክ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ከሩቅ ሲላክ ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ይመጣል፤ ፎርም 4473 የሚባለውን የመንግሥት የመሣሪያ ግዢ ቅጽ ሞልታችሁ ትረከባላችሁ። ያኔ አትቸኩሉ። ሠሪው ለአክስቴ ልጅ ስምንት ወር ነበር ያለው፤ ስንት እንደፈጀ ነግሬያችኋለሁ። በዚያ ላይ መነጽር ከሚያርፍበት ሐዲድ ብሎኖች አንዱ ላልቶ መጣ። ሠሪው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጥሩ ሰው ነው ይላል። ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ በርሜሉን በብርሃን እዩ፣ ብሎኖቹን ሠሪው በሰጠው ልክ በመለኪያ መፍቻ አጥብቁ። ፋብሪካ ስለሠራው ብቻ ይህን አትዝለሉ።

ዝግጅቱ ለሁለቱም አንድ ነው ማለት ይቻላል። መነጽሩን በ100 ሜትር ታስተካክላላችሁ፤ በ0.1 ሚል (ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው) የሚስተካከል መነጽር ማዞሪያው አንዴ ቀጭ ሲል እዚያ ርቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። አዲስ በርሜል ግን ያታልላል። ከመጀመሪያዎቹ 100 እስከ 200 ጥይቶች በኋላ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የአክስቴ ልጅ ገና በሠላሳኛው ጥይት ለየርቀቱ መነጽሩን ስንት እንደሚያዞር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ጻፈና፣ በኋላ በ700 ሜትር ከዒላማው በላይ ይወጣበት ጀመር። ጥፋቱን መነጽሩ ላይ ጥሎ ሁለት ቅዳሜ አባከነ።

ከፍታም እንዲሁ ነው። አክስቴ «እዚህ ቢሆንስ?» ብለው ጣልቃ ገቡ። ከእንጦጦ ጀርባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ጥይቱ ብዙም ስለማይገታ ሩቅ ላይ የሚወርደው ጥቂት ነው። ሂውስተን የተሠራ ሠንጠረዥ ዴንቨር የማይሠራውም ለዚሁ ነው። «አባቴ ይህን ሁሉ ሳያሰሉ በምንሽር ይመቱ ነበር» አሉን። ርቀቱን ግን አልነገሩንም።

የጥይቱን ነገር ላሳጥረው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሞር ነፋስን ይቋቋማል፤ ትከሻንም አይጎዳም። በርሜሉ ግን ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ላይ ማለቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የ308 ዊንቸስተር ጥይት በርሜል ግን 5,000ንም ያልፋል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የፋብሪካውን ግዙ፤ የተረፈውን ብር መነጽርና ጥይት ላይ አውሉት። የመጀመሪያውን በርሜል ተኩሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በልክ ማሠራቱ ያዋጣል፤ ያኔ ምን እንደጎደላችሁ ለሠሪው መናገር ትችላላችሁ። ካዘዛችሁ ደግሞ የድሮውን አትሽጡ። የአክስቴ ልጅ ለቀብድ ብሎ ሸጦት፣ አሥራ አራቱን ወር ሙሉ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ቆየ።