መንገድ ዳርና በቴሌግራም የሚሸጡ ቡችሎች

አዲስ አበባ ውስጥ በካርቶን ተይዘው የሚሸጡ ቡችሎች ዋጋቸው ቢቀንስም አንመክራቸውም። ሻጩ «ሁለት ወር ሞልቶታል» ካለ አፉን ከፍታችሁ እዩ፤ በ8 ሳምንቱ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወጥተው ማለቅ አለባቸው። እናቱን ለማሳየት ሰበብ ካበዛ ግዢው ይቅር።

ከሁሉ የከፋው ፓርቮ የተባለው የውሻ ቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱ የያዘው ቡችላ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ምልክት አያሳይም፤ ስለዚህ ሲገዛ ጤነኛ ይመስላል፣ ማስመለሱና ደም የቀላቀለው ተቅማጥ የሚጀምረው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ያሳዝናል፣ ካልታከሙ ብዙዎቹ አይተርፉም። «ተከትቧል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የክትባቱ ተለጣፊ፣ ቀንና የእንስሳት ሐኪም ፊርማ ያለበት ካርድ ጠይቁ። ክትባቱም እስከ 16 ሳምንቱ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የተነፋ ሆድ ደግሞ የትል ምልክት ሊሆን ይችላል።